«ሙሉ ነን» ሳይባል

ልጅ እያለሁ በየካ ተራራ ሥር በነበረው መንደራችን በዓል የሚታወቀው በተኩስ ነበር። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ ጠመንጃ ያልያዘ ጎረምሳ ማግኘት ቸግሮ ነበርና፣ ቅዳሴ ወጥቶ ጠላው ከተቀመሰ በኋላ ወታደሩም ባላገሩም ዒላማ ሊመታ ወደ ኦቦ ጉርሙ መስክ ይወጣል። ኦቦ ጉርሙ የላይኛው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል፣ ሳቃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። መስካቸው ጫፍ ላይ ያለው የአፈር ጉብታ ለዒላማ ይመቻል። ከጉብታው ወዲያ ግን ቁልቁል የእኛ የባቄላ ማሳ፣ ከማሳው በታችም ሰባት ቤቶች ነበሩ። ዛሬም ባቄላ ሲያብብ ከአበባው ሽታ መሀል ባሩድ ባሩድ ይለኛል።

አንድ ዓመት ጉብታውን የሳተች ጥይት እናቴ ከምንጭ አዝላ የምትመጣውን እንስራ ሰበረች። ውሃው በጀርባዋ ሲወርድ ደሟ የፈሰሰ መስሏት «ሞትኩ! ሞትኩ!» እያለች ቤት ድረስ ሮጠች። በኋላ እሷ ራሷ እየሳቀች ታወራው ነበር፤ ኦቦ ጉርሙ ግን አልሳቁም። ሽማግሌዎቹንና ጭቃ ሹሙን ዛፍ ሥር ሰብስበው ደንብ አስወጡ። በመስካቸው መተኮስ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸውን ያስፈቅዳል፤ እሳቸውም ጉብታው ላይ ወጥተው የሰባቱን ቤት እመቤቶች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ። እያንዳንዷ ቤተሰቧን ቆጥራ «ሙሉ ነን!» ብላ ካልመለሰች ቃታ አይሳብም። እኛ ልጆች ነገሩን እንደ ጨዋታ ወደድነው። ጥሪው ሲሰማ ለመቆጠር ወደ ደጃፋችን የምንሮጠው ሩጫ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የመስቀል ማግስት። የአክስቴ ልጅ ሹሩባ ተሠርታ ስትንጎራደድ እናቴ እኔን እንደ ሕፃን መሀል አናቴን ላጭታ ጋሜ አስቀረችኝ። ኩርፊያዬ ደግሞ አገር ያወቀው ነው። ማንም ሳያየኝ ሄጄ ባቄላው ውስጥ፣ ከጉብታው ሥር ተጋደምኩ።

የዚያን ዕለት የመጣው አዲስ ውጅግራ ጠመንጃ ያገኘ አንድ ሻለቃ ነበር፤ ጭፍሮቹን አስከትሎ፣ በበቅሎ። ኦቦ ጉርሙ ጉብታው ላይ ወጥተው መጣራት ጀመሩ። ስድስቱ ቤቶች «ሙሉ ነን!» አሉ። እናቴ ግን «አስካለን አጣኋት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ የሚጠራው የእኔ ስም ብቻ ሆነ። እናቴ ጠራች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጠራ፤ ኦቦ ጉርሙም ከራሴ በላይ ቆመው «አስካሌ! አቤት በይ እንጂ!» አሉ። ሰማሁ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ይጨነቁ! ማን ፀጉሬን ላጪ አላት? ዛሬ ሳስበው እፍር እላለሁ።

ሻለቃው ትዕግሥቱ አለቀ። «ሰውዬ፣ አንዲት ሕፃን ናት ውሎዬን የምታበላሽብኝ? ጎረቤት ሄዳ ይሆናል፤ ዞር በል!»

«ትሁን ጌታዬ። እናቷ ሙሉ ነን ሳትል ግን በእኔ መሬት አይተኩሱም።»

«መሬቱ ያንተ መሆን አለመሆኑን ነገ እናያለን።»

«ነገ ይዩት። ዛሬ የእኔ ነው።»

እኔ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት። የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ኦቦ ጉርሙ ይህን ብለው ከጉብታው ወረዱና ጀርባቸውን ለዒላማው ሰጥተው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ሻለቃው ጠመንጃውን እንደደገነ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ በቅሎው ላይ ወጥቶ እየተሳደበ ሄደ።

ጸጥታው ሲበዛብኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ኦቦ ጉርሙ ባቄላውን እየገለጡ መጥተው አነሱኝ። «ስንጠራሽ ሰምተሽ ነበር?» አሉኝ በጆሮዬ። አዎን ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እናቴ ስትደርስ ግን «እንቅልፍ ወስዷት ነው፤ እንዳትመቻት» አሏት። እናቴ ልትገርፈኝ ልጥ አንስታ መጥታ ነበር፤ ጣለችውና እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች።

ሻለቃው የዛተውን አልረሳም። ዓመቱ ሳይሞላ ያ መስክ ለጭፍሮቹ ማደሪያ ተብሎ ተወሰደ፤ ኦቦ ጉርሙም ከብቶቻቸውን እየነዱ በየገደሉ ሥር ሣር ሲፈልጉ አያቸው ነበር። በምን እንዳጡት ሁሉም ያውቃል፤ ልጅቷ ሰምታ ዝም ማለቷን ግን ከሁለታችን በቀር ያወቀ አልነበረም። አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ይዤው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «በእኔ ኩርፊያ መስክዎን አጡ» አልኳቸው። «ሣር ነው እኮ» አሉና ሕፃኑን ተቀብለው ስሙን ጠየቁኝ።

ዛሬ በበዓል የሚተኩሰው በዝቷል፤ ጥይቱም ከያኔው የበለጠ ሩቅ ይሄዳል። ከአጥሩ ወዲያ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። እኔ ስድስት ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ እዚህ የደረስኩት አንድ ሰው ስለጠየቀልኝ ነው። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። የልጅ ልጆቻቸው ከብት እስከ ዛሬ በእኔ መስክ ይግጣል፤ ይህን የሚጽፍልኝ ትልቁ ልጄም ለምን ያለ ኪራይ እንደምለቅላቸው ሲጠይቀኝ ሃያ ዓመት አለፈው። ያኔ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደነበር ከአያቱ ሰምቷል። አልወሰደኝም ነበር ልጄ፤ እሱንም ጻፈው።