ቅቤ የተቀባው ራውተር

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ራውተር የላከ ጊዜ እናቴ ዕቃውን የተቀበለችው እሱ ራሱ ከመኪና እንደወረደ አድርጋ ነው። ካርቶኑን አቅፋ ግራና ቀኙን ሳመችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከሥራ መግባቴ ነው፤ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ቦርሳዬን እንኳ ከትከሻዬ አላወረድኩም። «መጣሽ?» የሚለኝ አጣሁ። በሰው መቅናትስ የአባት ነው፤ እኔ ያን ዕለት በካርቶን ቀናሁ።

ቡታጅራ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ ታናሼ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች አገር አቆራርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባና ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ አይመጣም። እኔ ወልቂጤ ኮምፒውተር ተምሬ ዲፕሎማዬን ይዤ ተመለስኩና መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ የምዞረው እኔ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን የማመላልሰው እኔ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የማስመታው እኔ። እንግዳ ሲመጣ ግን የሚወራው ስለ እሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት እውነታቸውን ነው። አንዳንዴ ሲብስብኝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ እተርትባታለሁ። «አፍሽን ያዢ!» ትለኛለች።

በዚያን ዘመን ቀበሌው ሰዉን ሁሉ አንድ ለአምስት እያለ ያደራጅ ነበር። የእኛ ቤት አደረጃጀት ግን አንድ ለአንድ ነው፤ እናቴና ወንድሜ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

ኢንተርኔቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አባቴ ያስተከለው የቤት ስልክ ነበረን፤ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ የሚቀመጥ፣ ከማንም የማይደወልበት። በዚያው መስመር ኢንተርኔት ይቀጠልልኝ ብዬ አመለከትኩ፤ ሐሳቤ ማታ ማታ ቤቴ ሆኜ ልሠራ ነበር። ወንድሜ ይህን እንደሰማ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ በምስል መደወል ጀመረ፤ ኢንተርኔቱም ከዚያ ወዲያ የእሱ ሆነ። እናቴ ጁምዓ ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ ሻሿን ለውጣ፣ ስልኬን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀዋለች። ለእኔ ሻሽ ለውጣ አታውቅም። ቀይ ሹራብ ገዝቼ ለብሼ ፊቷ ብመላለስ «ወጡን አማስይው» ነው ያለችኝ።

በክረምቱ አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው የድሮው ራውተር ጢስ አለና ቀረ። በሞባይሉ ኢንተርኔት ብንሞክር ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እናቴ እህል አስጠላት። ወንድሜ «አረፋን የእማን ፊት ሳላይ አልውልም» ብሎ፣ ለበዓል በሚመጣ የሰፈራችን ሰው እጅ አዲስ ራውተር ላከ። እዚሁ ከተማችን ይገኝ እንደነበር፣ እኔም ልገዛ አስቤ እንደነበር የጠየቀኝ የለም። እሱ ላከ፤ አለቀ።

አረፋ ሲቃረብ ቡታጅራ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ለንግድ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ይጎርፋል። መናኸሪያው በፍራሽና በሻንጣ ይሞላል፤ በየግቢው አዲስ ቀለም ይሸታል፤ የመጣው ልጅ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል። ልጇ ያልመጣላት እናት ከጎረቤት ፊት አንገቷን ትደፋለች። የእናቴ አንገት ስንት አረፋ እንደተደፋ አውቃለሁ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳለ ልጇ እንዳልመጣላት ይቆጠር ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ከየትም አልመጣሁም። ካልሄዱ መምጣት የለም።

ካርቶኑን ከእጇ ተቀብዬ ስከፍተው የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር አለው፤ እኛ አገር ሶኬት ውስጥ አይገባም። በማግስቱ፣ የአረፋ ዋዜማ ጠዋት፣ ራውተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ መሰኪያውን ላስቀይር ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሄድኩ። ብዙም አልቆየሁም። ስመለስ ራውተሩ ቡፌው ላይ ወጥቶ፣ ከስልኩ ጎን ተቀምጦ፣ የራሱ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉን ገለጥኩት። ቅቤ!

«እማ፣ ምን አደረግሽው?»

«መረቅሁት» አለችኝ ደስ ብሏት። «የመጣ ልጅ አይቀባም እንዴ? አናቱን ቀባሁት።»

አናቱን አልነበረም። አዙራ ይዛው ኖሮ፣ ገመድ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ላይ ነው አውራ ጣቷን እየጫነች የለቀለቀችው።

«ይሄ አናቱ አይደለም! ገመድ የሚገባበት ነው!»

«አናቱ ነው» አለችኝ ድርቅ ብላ። «ያንቺ ነገር! በእሱ ነገር ሁሌ እንደተቆጣሽ ነው።»

ተቆጣሁ፤ አዎ። ዲፕሎማዬን ይዤ ከወልቂጤ ስመለስ ቅቤ ቀርቶ ውሃ ያቀበለኝ ሰው አልነበረም። «መጣሽ? የውሃ ወረፋ እንዳያልፍሽ ሩጪ» ነበር የተባልኩት። አሁን አንድ ላስቲክ ዕቃ፣ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ብቻ፣ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ቡፌ ላይ ተቀምጧል። በጨርቅ ጠራረግሁትና ሥራዬን ጀመርኩ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የስልኩ መስመር ከግድግዳው ወጥቶ ትንሽ ማከፋፈያ ውስጥ ይገባል፤ ከማከፋፈያዋ አንዱ ገመድ ወደ ስልኩ፣ ሌላው ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ሰካሁ። የኃይሉ መብራት በራ። የመስመሩ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም። ነቅዬ ሰካሁ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ስልክ መሥሪያ ቤት ብደውል መስመሩ ደህና ነው አሉኝ። እናቴ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መስጊድ ውስጥ ያለች ይመስል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«ነገ አይታይም ማለት ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። የቀባሽውን ጠይቂው!»

ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት ደግሞ ይባስ አናደደኝ። እኔ አንድ ሌሊት ቤት ባላድር እንዲህ ትፈራልኝ ይሆን? መልሱን ስለማውቀው አልጠየቅኋትም።

ገመዱን መዝዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩት። ጫፉ ያብረቀርቃል። አሸተትኩት፤ ቅቤ ነው። ጨርቅ የማይደርስበት ድረስ ዘልቆ ገብቷል። ፋርማሲ ሄጄ አልኮል ገዛሁ፤ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሜ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ነቅዬ፣ የሕፃን ጆሮ እንደማጸዳ ቀስ እያልኩ ቀዳዳውን ጠረግሁ። ስንት ጥጥ ቆሸሸ! ሲደርቅ መልሼ ሰካሁት። ብልጭ አለ፣ ድርግም አለ፣ ብልጭ አለና ረጋ።

ከዚያ በኮምፒውተሬ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ስልክ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝን የተጠቃሚ ስም አስገባሁ። የዋይፋዩ ማለፊያ ቃል ብቻ ቀረ። ለራሴ ያሰብኩት ነበረኝ፤ ጨዋነት ይዞኝ ጠየቅኋት።

«ማለፊያ ቃሉ ምን ይሁን?»

«የእሱ ስም ነዋ!»

በገዛ እጄ ስሙን ጻፍኩት። አረጋግጪ ስለሚል ደግሜ ጻፍኩት።

ማታውን ጎረቤታችን ቆጮ ልትሰጠን ገብታ ነበር። እናቴ እጇን ይዛ ቡፌው ድረስ ወሰደቻት። «አየሽ ልጄን? እዚያ ሆኖ ቤቴን አበራልኝ፤ አልሐምዱሊላህ!» ጎረቤታችን መብራቶቹን አይታ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ!» አለች። እኔ ያን ሰዓት አልኮል አልኮል የሚሸት እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

በአረፋ ቀን ከሶላት መልስ ሰፈርተኛው በጋራ ያረደው በሬ ሥጋ ተከፋፍሎ መጣ። ክትፎውን የከተፍኩት እኔ ነኝ፤ ክንዴ እስኪዝል። እናቴ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሁሉ አወጣችለት። ጣባውን ቡፌው ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ እኔም ስልኬን ጣሳ ላይ አስደግፌ ከጣባው ፊት ለፊት አቆምኩት። ጎረቤቶች በአዲስ ልብስ መጥተው ተቀመጡ። እንግዳችን የሚመጣው በዚያች መስታወት ስለሆነ ማንም አልቀመሰም። እኔም ርቦኝ ጠበቅሁ።

ደወለ። ፊቱ መስታወቱን ሞላው። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማ! ዒድ ሙባረክ!» ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እናቴ ቆማ ዱዓ አደረገችለት። ጤናውን፣ ሱቁን፣ ትዳሩን፣ መመለሻውን አንድ በአንድ መረቀች፤ ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። ከዚያ ከክትፎው በቆጮ ጠቅልላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ ስልኩ ዘረጋች። ወንድሜ ከዚያ ማዶ አፉን ከፈተ። ጉርሻዋ ግን ከስልኩ ጎን አልፋ ጣሳውን ነካችና ተደረመሰች። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። ጣሳውን ያቃናሁት፣ የፈሰሰውን ያበስኩት እኔ ነኝ። ያቺን ጉርሻ ማንም አልበላትም። እኔ በበላኋት ነበር።

«እህቴስ?» አለ በመጨረሻ። እናቴ ከእኔ ቀድማ «ደህና ናት፣ እሷ ምን ትሆናለች!» አለችው። እጄን አውለበለብኩለት። ደህና ሁኑ ብሎ ዘጋ።

እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው፣ ወደየቤታቸው ሄዱ። ጣባውን ላነሳ ስጎነበስ እናቴ አንጓዬን ያዘችኝና በሩን እንድዘጋ ነገረችኝ። ዘግቼ መጣሁ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ልጁ። ከሳ?»

«ፊትሽ ላይ ነበረ እኮ፣ እማ! አላየሽውም?»

«ድምፁን ሰማሁ። ብርሃኑንም አየሁ» አለች። «ፊቱን ካየሁት ግን ከረመዳን በፊት ነው። ጭጋግ ነው የማየው፤ ጥላ ጥላ ነው። ቤቱን ስለማውቀው ነው የምሄደው።»

ፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አገጯን ይዤ ወደ መስኮቱ አዞርኳት። የዓይኗ ብሌን ላይ እርጎ የመሰለ ነገር ተንጣሏል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትነግሪዋለሽ። ከሰማ ሱቁን ጥሎ ይመጣል፤ ከመጣ መመለሻ የለውም።»

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«እሺ፣ እንሄዳለን» አለች ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «አሁን ንገሪኝ።»

ፊቷን በሙሉ ወደ እኔ አዞረች። አፏን ከፈት አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከእኔ ከንፈር የሚወጣውን ለመቀበል ተዘጋጀች። ተወልጄ እስካድግ እናቴ እንዲህ አዳምጣኝ አታውቅም። ከስቶ፣ ተጎሳቁሎ ቢሆን መናገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ደግም እሆን ነበር። እሱ ግን አምሮበት ነበር። የከፋው ነገር ያ ነው።

ነገርኳት። ፀጉሩን አሳድጎ ወደ ኋላ እንዳበጠረው፣ ጢሙ ሙሉ እንደሆነ፣ ጉንጩ እንደሞላ፣ ሲስቅ ዓይኖቹ እንደ አባታችን ዓይኖች ጭፍን እንደሚሉ ነገርኳት። እየነገርኳት ፊቷ ይፈታ ነበር፤ እኔ እየነገርኳት ቀናሁ። ጨረስኩ።

ጠበቅሁ። ከረመዳን ወዲህ የእኔንም ፊት አላየችውም። አሁን ትጠይቀኛለች አልኩ በልቤ። እጇን አነሳች፤ ወደ ጉንጬ የምትመጣ መስሎኝ አንገቴን ሰገግ አደረግሁ። ክንዴን ነው የያዘችው።

«ድገሚልኝ» አለችኝ። «ከፀጉሩ ጀምሪ።»

ከፀጉሩ ጀመርኩ።