አፍንጫዬን የምትዋሰኝ እትዬ ጫልቱ

ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። የእትዬ ጫልቱ እህት ለሊሴ ናት። "እህቴ አረፈች" አለችኝ።

"የትኛዋ እህትሽ?" አልኳት።

ለሊሴ ሌላ እህት የላትም። አውቃለሁ። አፌ ሌላ የሚለው አጥቶ ነው።

ቅዳሜ እኮ በድምፅ መልእክት እየሳቀች ነበር! ሐምራዊ ይወጣል ያለችው ሳሙና ግራጫ ሆኖባት "የአህያ ቀለም ሠራሁልሽ" ስትለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ትናንት ሱሉልታ ለሊሴ ጋ ሄዳ፣ ምሳ በልታ ጋደም እንዳለች ቀረች አሉኝ። በቃ።

ለማታውቋት፦ ፎቶውን ስለጥፍ "ኬክ ነው ሳሙና?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ፣ ቀለሙ እርስ በርሱ የተጠማዘዘው ሳሙና የእሷ እጅ ሥራ ነው። ቡራዩ፣ እኛ ከተከራየንበት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ማድቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ቢጫው እርድ ነው፣ አረንጓዴው የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ ቀዩ ደግሞ ሱሉልታ ከወላጆቿ ጓሮ ቆፍራ ያመጣችው አፈር።

ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ። እትዬ ጫልቱ ማሽተት አትችልም ነበር። ከዓመታት በፊት ክፉ ጉንፋን ይዟት ሲለቃት ሽታ የሚባል ነገር አብሮ ጠፋባት። ሳሙናውን አልተወችም። መዓዛውን ትቀምምና የጎረቤት በር ላይ ቆማ "ኮቱ፣ አፍንጫሽን አውሺኝ!" ትላለች። ኮቱ፣ ነይ ማለቷ ነው።

አንቱ ስላት ትቆጣ ነበር። "አታስረጂኝ!" ሃምሳ ካለፋት ቆይቷል እኮ።

ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ሞተ። ብዙዎቻችሁ ይህንን አታውቁም። ከሆሳዕና መጥተን እዚህ ዘመድ የለንም። የቸርች ሰዎች መጡ፣ ጸለዩልኝ፣ አለቀሱልኝ። "ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" አሉኝ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ባለቤቴም ገላን ግንባታ ላይ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔ በሩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ ተኛሁ። ጡቴ ወተት ያፈስ ነበር። የሚጠባው የለም።

አንድ ቀን መስኮቱ ተንኳኳ።

"መሠረት! ኮቱ፣ አፍንጫሽን አውሺኝ።"

"እትዬ፣ ዛሬ አልችልም።"

"አትነሺ። መስኮቱን ብቻ ክፈቺልኝ።"

ሁለት ሲኒ አስገባች። ተናድጄ አሸተትኩ፣ ትሂድልኝ ብዬ። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው፣ አንዱ ጠጅ ሳር ከብርቱካን ልጣጭ ጋር።

"ሁለተኛው ይሻላል" አልኳት።

"ለምን?"

"ያኛው... ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል።"

ሲኒዎቹን ተቀብላኝ ሄደች። ከዚያን ቀን በኋላ ማድቤቷ ውስጥ ባሕር ዛፍ አላየሁም።

በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን "ድስቱን ተሸክሜ አልመጣ፣ አንቺ ነይ" አለችኝ። ሄድኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር። ኮስቲክ ሶዳው እንዳያቃጥለኝ ጓንትና መነጽር አደረገችልኝ። ነጩን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን እያፈራረቀች ሳጥኑ ውስጥ አፈሰሰችና የሹራብ መሥሪያ ዘንግ አስያዘችኝ። "እንዳሻሽ አዙሪው" አለች። አዞርኩት።

በማግስቱ ስንቆርጠው ከውስጡ የወጣውን መልክ አይቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጄ ከሞተ ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። እትዬ ጫልቱ አይዞሽ አላለችኝም። በቃሽ አላለችኝም። መቁረጧን ቀጠለች፣ እያንዳንዱን እየቆረጠች ፊቴ ደረደረችው። አልቅሼ ስጨርስ "ምንም አይደል፣ ሳሙና ጨው ሲነካው ይጠነክራል" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ንፍጤን በጓንቱ እየጠረግኩ።

መልአክ ነበረች አልላችሁም። ግትር ነበረች። አንዴ ድስት ጥዳ ረስታ ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ጭሱን አታሸተውማ! እኔ ነኝ በሩን በርግጄ የገባሁት። "ራስሽን ልትገድዪ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና ከሳጥን የእናቷን ሻሽ አወጣች።

"የእናቴ ነው። ፊቴ ላይ አደርገዋለሁ። ምንም የለም። ጨርቅ ነው" አለችኝ።

ተቀብያት አሸተትኩት። ቀስ ብዬ ነገርኳት። "ቅቤ አለው እትዬ። የቆየ ቅቤ። ትንሽ ጭስ። ከሥር ደግሞ አሪቲ።"

"አሪቲ!" አለች። ዓይኗን ጨፈነች። "አዎ፣ አሪቲ ታደርግ ነበር።" ደጋግማ አስነገረችኝ።

ነገ ሱሉልታ ነው የምንሸኛት። ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ባይሰጡኝም እሄዳለሁ።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ አንቺ ስለ ልጄ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። እስክነግርሽ እየጠበቅሽ እንደነበር አሁን ገባኝ። ዛሬ ነገ ስል ቀደምሽኝ። ስም አውጥቼለት ነበር። ለአባቱ እንኳ አልነገርኩትም። ናሆም ነው ስሙ።

ነገርኩሽ። ናጋቲ፣ በሰላም ሂጂ፣ እትዬ ጫልቱ።