የድንበር አበባ ፈላጊው

ዋሙዩ ሽማግሌውን ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስማቸውንም አፍራ ሳትጠይቅ ቀረች። ፍርድ ቤቱ እሷንና ጎረቤቷን ንዴሪቱን «ድንበራችሁን የአገር ሽማግሌ ይፈልግላችሁ» ብሎ ሲመልሳቸው፣ ከኮረብታው ማዶ የመጡት እሳቸው ናቸው። እግራቸው ላይ በረባሶ፣ ትከሻቸው ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ የቀረው ካፖርት ነበር።

ጠቡ እናቷ የተከለችው አቮካዶ ስለቆመበት ሦስት እርምጃ መሬት ነው። ድሮ አባቶች ለወሰን ምልክት የተከሉት የድንበር አበባ ቅጠሉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሥሩ ግን አፈር ውስጥ አይሞትም። ሽማግሌው ተንበርክከው በጣታቸው ይጭራሉ። ሽንኩርት የመሰለውን ሥር ሲያገኙ በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው «እንደምን አደርሽ፣ እመቤቴ» ይሉታል። አራተኛው ሥር ከዛፉ ወዲያ፣ በንዴሪቱ በኩል ተገኘ። ዋሙዩ ዛፉ የሷ ሆነና እልልታዋን አቀለጠችው።

«ፍሬው እኔ ጋ ነው የሚወድቀው!» አለ ንዴሪቱ።

«የወደቀውን ብላ፤ አፍህን ከዘጋልኝ!»

ሽማግሌው ሻይ ሲቀርብላቸው በርጩማውን የድንበሩ መስመር ላይ አድርገው፣ አንድ እግራቸውን ወዲህ አንዱን ወዲያ ዘርግተው ተቀመጡ።

«የእርስዎስ መሬት የት ነው፣ አባባ?» አለች ዋሙዩ።

«እኔማ አንድ ክንድም የለኝ» ብለው ሳቁ። «ከአበባዋ ልጆች አንዷን ብትሰጡኝ ግን፣ ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ በጣሳ እተክላታለሁ።»

ዋሙዩና ንዴሪቱ በየበኩላቸው አንዳንድ ትንሽ ሥር ቆፍረው አወጡ።

«የኔን ይውሰዱ፤ ትበልጣለች!»

«የሷ ቀጫጫ ናት፣ አባባ!»

ሽማግሌው ሁለቱንም ኪሳቸውን ከፈቱ።