የእናቴ ጉልበትና ስዊሱ

እናቴን ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ትታለች። ጉልበቷ በኦፕሬሽን ካልተቀየረ መጨረሻዋ ዊልቸር እንደሆነ ሐኪሙ ሲነግራት፣ «እግዜር የሰጠኝን ጥዬ የፋብሪካ ጉልበት ልግጠም?» ብላ ቀጠሮውን ካንስል አስደረገችኝ። እኔም ንዴቴን ይዤ ላቨርተን ኖርዝ ወዳለው ሥራዬ ሺፍት ገባሁ። መጋዘን የሚሠራ ሰው ንዴቱን ካርቶን ላይ ይወጣል።

ስመለስ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያለው ቤታችን በዚህ የስደት አገር የጃንዋሪ በጋ እቶን ሆኗል። እናቴ ግን ጋቢ ተከናንባ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጣለች፤ በረዶ ስታይ ይበርዳታል። አንድ ስዊሳዊ በበረዶ ሸርተቴ ከተራራ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። ታች የሚጠብቀው ሕዝብ ነጭ መስቀል ያለበት ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ቃጭል ያቃጭላል። የስዊሶች ባንዲራ እንደሆነ፣ ቃጭሉም የላም እንደሆነ ማን ይንገራት? ታቦት ያወጡ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው።

«እማዬ፣ ስፖርት እኮ ነው» አልኳት።

«ዝም በይ! ሰውየው ራሱ እስኪ፣ እስኪ እያለ ሲያበረታታው አትሰሚም?»

ሰውየው ኮሜንታተሩ ነው። ልጄ ከሶፋው ላይ፣ «ግራንድማ፣ ኢትስ ስኪ!» አለቻት።

«እኔስ ምን አልኩ? እስኪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዊሱ ልጇ ሆነ። ባሸነፈ ቁጥር ለማኅበር ጓደኞቿ ትደውላለች። እነሱም ስሙ ስለማይያዝላቸው «የመስቀሉ ልጅ» እያሉ ውጤቱን ይጠይቁኝ ጀመር። እኔን ግን እንዴት ነሽ የሚለኝ ጠፋ።

አንድ ውድድር ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ነው። በሄሊኮፕተር ሲወስዱት እናቴ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። በካርቶን ሸክም ለተጎዳው ለእኔ ወገብ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አሸነፈ። ኮሜንታተሩ ስለ ጉልበቱ ኦፕሬሽን ሲያወራ ተረጎምኩላት። ቃጭሉ እስኪያበቃ ጉልበቷን አሻሸች።

«ቀደውት ነው እንዲህ የሚበረው?»

«ቀደውት ነው።»

«በይ ያንን ቀጠሮ ቡክ አድርጊ።»

ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ! የንስሐ አባቷን ምክር እንኳ አልሰማችም። ደስታዬና ንዴቴ ተደባልቀውብኝ ስልኩን ያዝኩ።

ከኦፕሬሽኑ ማግስት ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ክራንች አምጥታ አስያዘቻት። እናቴ ክራንቾቹን ትታ የአልጋውን ጠርዝ ሙጥኝ አለች። እንዲህ ፈርታ አይቻት ስለማላውቅ እኔም ፈራሁ። አይዞሽ ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«እስኪ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ክራንቾቹን ጨበጠች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አስከተለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና በግልምጫ ዞረች።

«ለእኔ ሲሆን እልል የሚል የለም?»

እያለቀስኩ አቀለጥኩት። ነርሶቹ ምን መጣ ብለው ሮጠው ገቡ።