አባቴን ከፎቅ ያወረዱት ሰዎች

ባለፈው ሰሞን እናቴ ጉልበቷን ታማ የተዋሰችውን መደገፊያ ልመልስ ያቭነ ከተማ ሄጄ ነበር። መደገፊያው የአሙታው ነው። በዕብራይስጥ አሙታ የምንለው ከሆስፒታሉ ጋር አብሮ የሚሠራውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ለበሽተኛ ምርኩዝ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሚታጠፍ አልጋ ያውሳል። የመጋዘኑን በር ስከፍት የጎማና የበረኪና ሽታ ተቀላቅሎ ፊቴ ላይ መጣ። እዚያው ቆምኩ። ዕቃ የምትረከበው ልጅ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀችኝ። ቤሰደር፣ ደህና ነኝ፣ ደረጃው አድክሞኝ ነው አልኳት። ደረጃ ግን አልነበረም።

አየሽ፣ ያ ሽታ የአባቴ የመጨረሻ ዓመታት ሽታ ነው።

ያኔ ቂርያት ማላኪ ነበርን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሕንፃው ሊፍት አልነበረውም። አባቴ ጎንደር ሳለ ገበሬ ነበር፤ እዚህ መጥቶ አትክልት ማሸጊያ ቦታ ገባና ጀርባው እስኪጎብጥ ሣጥን ሲያነሳ ኖረ። ስኳር እንዳለበት የታወቀው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ዓይኑን አደበዘዘበት፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አስቆረጠው፣ በመጨረሻ ኩላሊቱን ያዘው። ከዚያ ወዲያ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን በማሽን ማስጣራት ነበረበት፤ ዲያሊዛ የሚሉትን። ካልሄደ አይኖርም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ቤት እያለ በጀርባው አዝሎ ያወርደው ነበር። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ የደረጃውን መብራት አበራለሁ፤ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚጠፋው። ወንድሜ ለውትድርና ሲጠራ ግን እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ዳቦ ቤት ሥራ ጀምሬአለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሠርቼ፣ አባቴን ላወርድ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ የሰው ቤት ታጸዳለች። አባቴን የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን፣ በየፎቁ እያሳረፍን እናወርደው ነበር። ከሕክምናው ሲመለስ ደግሞ ያው ወደ ላይ ነው። ከማሽኑ የተነሳ ሰው ጨርቅ ነው፤ አንገቱን እንኳ አያቀናም። ድካም ስል የእንቅልፍ እጦት አይምሰልሽ። አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ድካም ነው። ዛሬም ወገቤ ላይ አለ፣ ብርድ ሲመጣ ይቀሰቀሳል።

አንድ ክረምት ጧት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ እጃችን ዛለ። ወንበሩን አስቀምጠን እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፣ እኔም ከጎኗ። መነሳት አቃተን። መውረድም መውጣትም አልቻልንም። ከአንዱ ቤት የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፣ ከሌላው ቤት ሬዲዮ ያወራል፣ ሰዎች ቦርሳቸውን እንደያዙ በጎናችን አልፈው ይወርዳሉ። ከላያችን ይኖሩ የነበሩ ሩሲያዊት መበለት አዝነው አዩንና ግድግዳውን ይዘው አለፉ፤ እሳቸውም አቅም አልነበራቸውም። አባቴ ሲያየን ቆየ። ከዚያ ወደ ላይ መልሱኝ አለ። አረፍ ብለን፣ እንደምንም መለስነው።

የዚያን ዕለት ማታ እጄን ያዘኝ። «ልጄ፣ እኔስ ይበቃኛል። እናንተን ጨረስኋችሁ» አለኝ።

እናቴ ለመነችው፣ ወንድሜ ከጦር ሰፈሩ ስልክ ደውሎ አለቀሰ። አባቴ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ተኛ። የሚቀጥለውም ቀጠሮ አለፈ። ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ። እኔ ዳቦ ቤት ቆሜ ቂጣው በማሽን ላይ ሲያልፍ እያየሁ፣ ቤት ስገባ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር የምሠራው።

መቅረቱን አይተው ለአሙታው የነገሩት የሆስፒታሉ ነርሶች ናቸው። የመጣችው የአሙታው ሠራተኛ፣ የያቭነዋ ሴት ነበረች። እሷን ከዚያ በፊት እዚያው ሕክምና ክፍል አውቀናታል። የመጀመሪያ ቀን አባቴ ደሙ በቱቦ ሲወጣ አይቶ ክንዱን ሲነጥቃቸው፣ ደሙ ታጥቦ ተመልሶ እንደሚገባለት በጎንደር አማርኛ አስረድታ ያረጋጋችው እሷ ናት። ለሚታከሙት ትኩስ ሾርባ የምታዞረው፣ ከሩቅ ለመጣ አስታማሚ ማረፊያ ክፍል የምትከፍተውም እሷ ነበረች። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። መጀመሪያ ውኃ ጠየቀች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ትገሥጸዋለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ግን ስለ ሕክምናው አንድም ነገር አላነሳችም። አገርዎ የት ነው፣ ወንዙ ማን ይባላል፣ ከብት ስንት ነበረዎ እያለች አጫወተችው። ቆይታ ቆይታ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ እንዴት ነበር የምታደርሱት አለችው።

«በቃሬዛ ነዋ» አለ አባቴ። «ሁለት ረጃጅም እንጨት ይቆረጣል፣ ጠፍር ይወጠርበታል። መንደሩ እየተቀባበለ ይሸከማል። አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ይሰጣል።»

«የተጣላ ሰውስ ቢሆን?»

«የተጣላም ይሸከማል። ጠብ ከቃሬዛ በኋላ ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እዚህ ግን መንደር የለም» አላት።

«ካለስ ይሸከሙኝ ይላሉ?»

«ካለማ እንቢ አልልም» አለ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ጧት በሩ ተንኳኳ። ከጌዴራ የመጣ የአሙታው ሾፌርና ሁለት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ቆመዋል። ሾፌሩ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሚስቱ በዚያው ሆስፒታል ታማ ካረፈች በኋላ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሰልችቶት የአሙታውን መኪና መንዳት ጀመረ። ከመጋዘን ያመጡት ወንበር አራት እጀታ አለው፣ የበሽተኛውን ደረት የሚይዝ ቀበቶም አለው። ጎማ ጎማና በረኪና ይሸት ነበር። ሾፌሩ «ያላ፣ ሳባ» አለ፤ እንሂድ አባባ ማለቱ ነው። ሦስቱ ሦስት እጀታ ያዙ፣ አራተኛውን እኔ ያዝኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ባዶ እጇን ታያለች፤ ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም።

እንዲህ እየሆነ ሰነበተ። አባቴ ዳግመኛ ቀለም ያዘ፣ ምግብም ጠየቀ።

አሁን ስለ ምድር ቤቱ ጎረቤታችን ልንገርሽ። እሳቸው ከእኛ በብዙ ዓመት ቀድመው፣ በእግር በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ አያቶቻችን ከአይሁድነት ወጥተው ክርስትና ገብተው ነበርና፣ እዚህ ስንደርስ አንዳንዱ የአገራችን ሰው እኛን እንደ ወገን ለመቁጠር ይቸገር ነበር። እሳቸውም ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሰላምታ ግን አይሰጡም፣ ከቤታችንም አይቀምሱም። አባቴ በእግሩ ይሄድ በነበረ ጊዜ ባገኛቸው ቁጥር ኮፍያውን አንስቶ እንደምን አደሩ ይላቸዋል፤ እሳቸው ቁልፋቸውን ይፈልጋሉ። እናቴ ይከፋትና ለምን ራስህን ታዋርዳለህ ትለዋለች። እሱ ግን ሰላምታ መስጠት የኔ ነው፣ መመለስ የሳቸው ነው ይላታል።

አንድ ማክሰኞ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከወጣቶቹ አንዱ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ሾፌሩ ሰው ፍለጋ ወደ ታች ወረደ። ተመልሶ ሲመጣ ከኋላው እኚሁ ጎረቤታችን ነበሩ። ለጸሎት ሊወጡ በር ሲከፍቱ ነው ያገኛቸው፤ የነገራቸውም አንድ እጅ ጎድሎናል ብሎ ብቻ ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። ከዚያ የጸሎት ከረጢታቸውን ለእናቴ አቀበሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከኋላ በኩል እኔ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ ያዝን። ዝናቡ በደረጃው መስኮት ይገባል፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ስንል አባቴ አንገቱን ወደ ኋላ ሳያዞር «ከበድኩዎ፤ ይቅር በሉኝ» አላቸው።

ተነሥተን ጥቂት ደረጃ ወረድን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ፣ ወንበሩን ሳያስቀምጡ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ተናገሩ።

«በሱዳን መንገድ አባቴን ተሸክሜ ነበር። አላደረስኩትም።»

ሾፌሩና ወጣቱ አማርኛ አያውቁምና፣ ለማረፍ የቆምን መስሏቸው ይጠብቃሉ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና እጀታው ላይ ያለውን የሳቸውን እጅ ዳሰሰ። «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለ፤ ትናንት እንደሞተባቸው አድርጎ። እኒያ ሰው እጀታውን እንደገና አስተካክለው ያዙ። አወረድነው፣ መኪናው ውስጥ አስገባነው። እሳቸው መኪናው እስኪሄድ ድረስ ዝናብ ላይ ቆመው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ከዚያ ወዲያ አልቀሩም። ወጣቶቹ ፈተና ሲይዛቸው በእነሱ ምትክ የሳቸው ልጅ ገባ፣ ቀጥሎ ከቡኻራ አገር የመጣው የሦስተኛው ፎቅ ጫማ ሰፊ። የያቭነዋ ሴት አንድ ቅዳሜ ማታ መጥታ ወገባቸውን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚያነሱ፣ በሽተኛውን እንዴት እንደሚይዙ ደረጃው ላይ አሳየቻቸው። ሩሲያዊቷ መበለት በር ይዘው የመቆምን ሥራ ለራሳቸው ወሰዱ፤ አሙታው ዓርብ ዓርብ ትኩስ ምግብ ይልክላቸው የጀመረውም ያን ሰሞን የያቭነዋ ሴት እሳቸው ብቻቸውን መሆናቸውን አይታ ነው። በኋላ በኋላ የኛ ደረጃ ሰዎች ሌላ ሕንፃ ድረስ ሄደው አንዲት አሮጊት ያወርዱ ነበር። እኔ እጀታውን ለቀቅሁ። ጧት ከዳቦ ቤት ስመለስ አባቴን ወርዶ አገኘዋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል በቀን ብርሃን ነበር፣ መስኮቱ ተከፍቶ፤ ተኝቼ ስነሳ ቤቱ ጨልሟል፣ እናቴም አልቀሰቀሰችኝም።

አባቴና እኒያ ሰው በየደረጃው ይጫወቱ ጀመር። ስለ ወንዝ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ልጆቻቸው ዕብራይስጥ። ይህ ልጄ ሲያናግረኝ እንደ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ነው ይላሉ እሳቸው፤ አባቴ ይስቃል። አንድ ቀን አንቱ ቀርቶ አንተ መባባላቸውን ሰማሁ። መቼ እንደተለወጠ አላወቅሁም።

አባቴ ሌላ ክረምት አላለፈም። ልቡ ደክሞ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ነው ያረፈው፤ የያቭነዋ ሴት ለእናቴ ማረፊያ ክፍል ሰጥታት ስለነበር እናቴ አጠገቡ ነበረች። በኀዘኑ ሰባት ቀን የጌዴራው ሾፌር ከዲያሊዛ የሚመልሳቸውን በሽተኞች ይዞ መጣ፤ ክንዳቸው ላይ ፋሻው እንዳለ፣ ታች መኪና ውስጥ ተቀምጠው እናቴ ወርዳ በመስኮት አጽናኗት። ጎረቤታችንም በየቀኑ ነበሩ። ከመሶባችን እጃቸውን ታጥበው በሉ። እኔ፣ አባቴ ይህንን ሳያይ ሄደ እያልኩ ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ አጠብኩ።

ሰባቱ ቀን አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ተመለሰ። ማክሰኞ ጧት ሥራ አልገባሁም ነበር። ውጭው ገና ሰማያዊ ነው፣ የአውቶቡሱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ቤቱን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ መሬት ወረደ።

«እግሬ ነው ያመጣኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መልሰው አወረዱ።

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ከኋላዬ መጣች። «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። ገቡ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሻይ ቀዳችላቸው። ከታች መኪና ባለፈ ቁጥር እሳቸው ቀና ይሉ ነበር።