አስተናግር

ሸዋጌጥ ነቀምቴ የገባችው ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ፣ ባሏ ሽብሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሾም ነው። የቡልጋ ልጅ ናት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በኦሮምኛ ቅቤ ልትጠይቅ ሞክራ ሴቶቹ ሲስቁባት ፊቷ እሳት መሰለ። ከዚያ ወዲያ የቤት ሠራተኛዋ ቀለሟ ካላስተረጎመችላት አፏን አትከፍትም ነበር። ጆሮዋ ግን አልተዘጋም፤ ዓመታት ሲያልፉ ቋንቋውን አጥርታ ትሰማው ጀመር። "እሰማለሁ" ማለቱ ከበዳት፤ ኋላም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታው ጣማት። ሰው አጠገቧ ቆሞ የሆዱን ያወራል።

ጎረቤቷ ድርቤ፣ የባቻ ሚስት፣ እንዲሁ አወራች። አጥሩን ተደግፋ ለእህቷ፣ "ፅንሱ የወጣው ውሃ ስቀዳ ወድቄ አይደለም፤ ባቻ ሆዴን ረግጦኝ ነው" እያለች አለቀሰች። ሸዋጌጥ እዚያው ከአጥሩ ወዲህ ጎመን ትቀጥፍ ነበር። ቀና ብላ ቀለሟን፣ "ምን ሆና ነው የምታለቅሰው? ጠይቂልኝ" አለቻት።

ድርቤ ዓይኗን ጠርጋ፣ "ወድቄ ነው በያት" አለች። ሸዋጌጥም ከንፈሯን መጠጠች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመንጋጋ ጥርሷ እንቅልፍ ነሳት፤ ጉንጯም አበጠ። አንድ ቀን ድርቤ ለአንዲት ሴት፣ "ለጥርስማ አሳንግራ ነው፤ ዘሩን..." ስትል ሰማች። የቀረውን እያወሩ ወደ ቤት ገቡ። ተከትላ እንዳትጠይቅ፣ ቋንቋውን አልሰማም ባይ ናት። ተክሉን ግን ታውቀዋለች፤ በአገሯ አስተናግር ይሉታል። በየቆሻሻ መጣያው፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ አበባው እንደ ጡሩምባ የተከፈተ ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም፣ ቅጠሉ ሲያሹት የሚከረፋ። እናቷ ቅጠሉን ወቅጣ በቅቤ ለውሳ ለልጆች ቆረቆር ትቀባው ነበር። ለጥርስ እንዴት እንደሚሆን ግን አላየችም። ከጓሮ ፍሬውን ፈልቅቃ ዘሩን በሚያማት ጥርስ ላይ ጠቀጠቀችው፤ አኘከችው፤ ውሃውንም ዋጠችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አፏ ደረቀ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከባዶ አየር ላይ ክር ትለቅም ጀመር። ቀለሟ ብትጮህ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ድርቤም የባቻ እናትም መጡ። ሸዋጌጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛ ትለፈልፋለች፣ ያውም ጥርት ባለ ያገሬው ኦሮምኛ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ድርቤን በሚመስል ድምፅ፣ "ባቻ ሆዴን ረግጦኝ ነው" አለች።

ሳቁ ቆመ። የባቻ እናት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ድርቤ ግን አልወጣችም። ወተት አጠጥታ አስመለሰቻት፤ እስክትረጋጋም እጇን ይዛ ቆየች።

በማግሥቱ ሸዋጌጥ ምንም ትዝ አላላትም። "ምን አልኩ?" ብትል ቀለሟ አንገቷን ደፋች። የነገራት ሽብሩ ነው። "እኔ እንኳ መስማትሽን አላውቅም ነበር" አላት።

የጉንጯ እብጠት ቢጎድልም ነጠላዋን እስካፍንጫዋ ተከናንባ ከቤት ሳትወጣ ሰነበተች። ያንን የለፈለፈችውን መድኃኒቱ ነው ያናገረኝ ብላ ራሷን ታጽናናለች። "ጠይቂልኝ" ያለችው ግን በደህና ጊዜዋ ነው። እሱ ትዝ ሲላት ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች።

በመጨረሻ ቀለሟን ሳታስከትል ሄደች። ድርቤ ደጇ ላይ እህል ታበጥር ነበር። ሸዋጌጥ ሳትቀመጥ፣ በኦሮምኛ፣ "ድርቤ፣ በድዬሻለሁ። ያን ቀን ሰምቼሽ ነበር" አለች።

ድርቤ ሰፌዷን አስቀመጠች። የመለሰችላት በተሰባበረ አማርኛ ነው።

"ጥርስ ተሻለ፣ እትዬ?"

"ተሽሎኛል።"

"ዘሩ አይበላም። ፍም ላይ ማድረግ፣ ጭሱ ጥርስ መንካት። ጭሱ ብቻ። እሱም ትንሽ።"

"ባቻስ? በኔ ምክንያት ምንም አላለሽም?"

"እትዬ ይግቡ፣ ፀሐይ ነው" አለችና ሰፌዷን አነሳች።

ሽብሩ ወደ ደምቢዶሎ እስኪዛወር ድረስ ድርቤ አንድም የኦሮምኛ ቃል አላወራቻትም። ሸዋጌጥ ገበያ ወርዳ በኦሮምኛ ስትጠይቅ ሴቶቹ በአማርኛ ይመልሱላታል። የባቻ እናት ሽማግሌ ሰብስባ ልጇን አስገሠጸች ተብሎ ተወርቷል። እውነት ይሁን አይሁን ሸዋጌጥ አልጠየቀችም፤ የነገራትም የለም።