በፀጉር ቤት ቅባት የተሞላው ሾክ

የኮኮናት ቅባት በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፀጉር አይደለም፣ ዓረብ አገር፣ ጅሊብ በሚባል ሰፈር የነበረችው አንዲት ክፍላችንና ወለሉ ላይ ፈታትቼ የማስቀምጣት የሪሞት መኪናዬ እንጂ።

እናቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ሾፌር ነበር፤ ኮሮና መጥቶ ሰፈራችን ሲዘጋ ሁለቱም ቤት ዋሉ። መኪናዋን የሰጠችን የእናቴ ደንበኛ የነበረች የሙባረክ አል-ከቢር ሰፈር ማዳም ናት፣ ልጇ መጫወቻው ስለሰለቸው። ንዝረት የሚያበርደው የአራቱም ጎማ ሾክ ዘይቱ አልቆ ስለነበር ትንሽ ጉብታ ስትነካ እንደ ፌንጣ ነጥራ ትገለበጥ ነበር።

«ሴት ልጅና ካቻቢቴ ምን አገናኛቸው?» ይል ነበር አባቴ፣ ሥራ መፍታቱ አናዶት። እኔ ግን በእናቴ መቀንደቢያ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ እያወጣሁ፣ ሞላውን እየጠረግሁ እውል ነበር። የሾክ ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ የኮኮናት ቅባት ሞላሁበት።

ሙቀቱ ሲበረታ የፎቁ ጣሪያ ላይ ቅባቱ ቀጥኖ ቆንጆ ሄደች፤ ቤት ስትገባ ግን ቅባቱ ኤሲው ሥር እንደ ቅቤ ረጋና አራቱም ሾክ ደርቀው ቀሩ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ።

«ኸላስ፣ በቃ! ዓርብ ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን ቱቦ ዘላ በጎማዋ ካላረፈች የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ናት» አለ። እንደሚያደርገው አውቅ ነበርና እልህ ያዘኝ።

«ያ የሚያብረቀርቀው የፀጉር ሴረም ሲሊኮን ነው፣ ብርድ አያረጋውም» አለችኝ እናቴ፣ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ እያወጣች። ሾኮቹን በሳሙና አጥቤ፣ ሴረሙን ሞልቼ፣ የአየር አረፋው እስኪያልቅ ዘንጉን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ዋልኩ።

ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላ ሦስታችንም ጣሪያ ወጣን። መኪናዋ ቱቦውን ዘለለች፣ አረፈች፣ አልነጠረችም።

አባቴ እጁን ዘርግቶ «እስቲ ሪሞቱን አምጪው» አለኝ። እስከዚያ ቀን እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር።

«አልሰጥህም አባዬ፤ መጀመሪያ አንዱን ሾክ ፈትተህ ግጠም።»

እናቴ አፏን በሻሿ ሸፈነች። አባቴ አፈጠጠብኝ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ካቻቢቴውን ተቀበለኝ፤ ጎሚኒውን ረስቶ ስለገጠመው ሴረሙ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። በሐምሌ ሰፈሩ ሲከፈት ሾክ መሙላት ከእኔ እየተማረ ነበር፣ ሲያበላሽም እቆጣው ነበር።

ዛሬ የራሴን መኪና ጋራዥ ስወስድ መካኒኩ «ወንድምሽን ጥሪውና እናስረዳው» ይለኛል። ያኔ ካቻቢቴ መያዝ እንዲፈቀድልኝ ቱቦ ማስዘለል ነበረብኝ፤ አሁን ማስረዳቱን ትቼ፣ የብሎን መፍቻውን ከእጁ ተቀብዬ መኪናው ሥር እገባለሁ።